የመሸበት እንግዳ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሐቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይውረድ። አላህ ጁሙዐችንን የተባረከ ያድርግልን።

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ እንግዳና ስለ ማደሪያ ነው።

አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ታላላቆቹ ሆቴሎች ሳያወራ አይቀርም። ገብቶ ባያድርባቸው እንኳ በውጭ ሲያልፍ አይቷቸዋል። ፒያሳ ላይ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጣይቱ ሆቴል አለ። ለገሃር አካባቢ ራስ ሆቴል አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው ሒልተን አለ፤ የመዋኛ ገንዳው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ የተሠራ ነው። የወሎው ልጅ ሼኽ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ ያስገነቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ሸራተንም አለ።

እነዚህ ቤቶች ሁሉ አንድ የሚኮሩበት ነገር አላቸው፤ እሱም እንግዳቸው ነው። እንዲህ ያለ ንጉሥ አርፎበታል፣ እንዲህ ያለ ፕሬዚዳንት አድሮበታል፣ እንዲህ ያለ ዘፋኝ በዚህ በረንዳ ላይ ቡና ጠጥቷል ይባላል። ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዓለም ላይ ያለ ታሪካዊ ሆቴል ሁሉ የታዋቂ እንግዶቹን ስም እንደ ጌጥ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። አልጋው ያው አልጋ ነው፣ ግድግዳውም ያው ግድግዳ፤ ዋጋውን ከፍ ያደረገው የተኛበት ሰው ስም ነው።

አሁን አንዱን ስም እንውሰድ። ራስ ሆቴል ሲነሳ የኔልሰን ማንዴላ ስም አብሮ ይነሳል። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ እዚያ እንዳረፉ ይነገራል፤ ዛሬ ያን ክፍል ለማየት የሚመጣ አለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ የመጡት ማንዴላ ዓለም የሚያውቃቸው ማንዴላ አልነበሩም። አገራቸው የምታድናቸው፣ ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል የሐሰት ስም የሚጓዙ ተሳዳጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በነሐሴ ተያዙ፤ ከዚያም 27 ዓመት ገደማ ታሰሩ። አልጋ ያነጠፈላቸው ሠራተኛ ወደፊት ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው እያስተናገደ መሆኑን አያውቅም ነበር። ከብዙ መንገደኞች አንዱን ነበር ያስተናገደው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እንግዳ በር ላይ ሲቆም ማንነቱ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ታላቅነቱ የሚታወቀው አንድም ከዓመታት በኋላ ነው፣ አንድም በአኺራ ነው። እኛ በዚያች ሰዓት በእጃችን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት እንደተቀበልነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጁሙዐ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ካህፍን ቀርተናል፣ ወይም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቀራለን። በዚያች ሱራ ውስጥ የሁለት እንግዶች ታሪክ አለ። አንደኛው አላህ ያነጋገራቸው ነቢይ ሙሳ (ዐ.ሰ) ናቸው። ሁለተኛው አላህ ከራሱ ዘንድ ዕውቀት የሰጣቸው ባሪያው፣ ዑለሞች ኸድር የሚሏቸው ናቸው። በዚያ ዘመን በምድር ላይ ከእነዚህ ሁለት የከበረ እንግዳ ከየት ይመጣል?

ሁለቱ ተጉዘው፣ ርቧቸው፣ ከአንዲት ከተማ ደረሱ። ነዋሪዎቿን ምግብ ጠየቁ። ከተማዋ እምቢ አለች። አንድ ሰው እንኳ በሩን አልከፈተም።

አላህ የዚያችን ከተማ ስም አልነገረንም። ስንት ቤት እንደነበራት፣ ገበያዋ ምን ያህል እንደደራ፣ ሀብታሞቿ እነማን እንደነበሩ አልነገረንም። እስከ ቂያማ ድረስ ከሷ የሚነበበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ መለሰች። በየሳምንቱ ጁሙዐ፣ በምሥራቅም በምዕራብም፣ ሚሊዮኖች ይህን ይቀራሉ። እንግዳ መመለስ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ አላህ በቁርኣኑ ውስጥ አያኖረውም ነበር።

የእንግዶቹንም ሥነ ምግባር እንይ። ኸድር በከተማዋ ውስጥ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አዩና አቀኑት። ሙሳ (ዐ.ሰ) በነገሩ ተገርመው፣ ቢፈልጉ ኖሮ ዋጋ ሊቀበሉበት ይችሉ እንደነበር ተናገሩ። በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠ። ግድግዳው በከተማዋ የሚኖሩ የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩ የእነሱ ሀብት ተቀብሯል፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። ከተማዋ ቁራሽ የነፈገቻቸው እንግዶች የከተማዋን የቲሞች ንብረት ጠብቀው ሄዱ። ለካስ ያ የተመለሰው እንግዳ የያዘው በረካ ነበር። የነፈጉት ሰዎች የከለከሉት ራሳቸውን ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያለውን ቤት እንይ። በሱረቱ ዛሪያት ውስጥ አላህ የኢብራሂምን (ዐ.ሰ) የተከበሩ እንግዶች ታሪክ ይነግረናል። ገቡ፣ ሰላም አሉ፣ እሳቸውም ሰላምታውን መለሱ። እንግዶቹ የማያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ራሱ ቁርኣኑ ያስታውሰናል። ኢብራሂም ከየት መጣችሁ፣ የማን ልጆች ናችሁ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው ብለው አልጀመሩም። ቀስ ብለው፣ እንግዶቹ ሳያውቁባቸው ወደ ቤተሰባቸው ገቡ። የሰባ ጥጃ አዘጋጅተው መጡ። ወደ እንግዶቹ አቀረቡላቸውና እንዲበሉ ጋበዟቸው።

በዚህ ውስጥ ስንት አደብ አለ! ትበላለህ ወይ ብሎ አለመጠየቅ አለ፤ ምክንያቱም የተራበ ሰው አፍሮ በልቻለሁ ይላልና። ጫጫታ ሳያደርጉ ማዘጋጀት አለ፤ እንግዳው ሸክም ሆንኩባቸው ብሎ እንዳይሳቀቅ። ካለው ሁሉ ጥሩውን ማቅረብ አለ። እስከ እጁ ማድረስ አለ። በመጨረሻ እንግዶቹ መላእክት ሆነው ተገኙ፤ ከመስተንግዶው በኋላም የልጅ ብሥራት መጣ። መስተንግዶው ግን ለመላእክት ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ለማይታወቅ መንገደኛ የተዘጋጀ ነበር።

ይህን ታሪክ ለኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች የሚያቀርበው ሌላ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ባሕር ተሻግረው የመጡት ሶሐቦች ታዋቂዎች አልነበሩም። ወገኖቻቸው ያሠቃዩአቸው፣ ንብረታቸውን ትተው የሸሹ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ስጦታ አስይዘው ልከው እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ነጃሺ አስሐማ ግን ስደተኞቹን ጠርተው አዳመጡ፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተናገሩ፤ ንጉሡም ስጦታውን መልሰው እንግዶቻቸውን አስጠለሉ። ያ ንጉሥ ሲሞቱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ሰገዱባቸው። ስማቸውን ያስከበረው ቤተ መንግሥታቸው አይደለም። የከበረ ስም ላልነበራቸው ስደተኞች የከፈቱት በር ነው።

ይህ በር መክፈት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። በጎጃም ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ!» ይል ነበር። ከውስጥ የሚመጣውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ!» እግሩን አጥበው፣ ያለውን አቅርበው፣ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ያሳድሩታል። ስሙን እንኳ የሚጠይቁት ከበላ በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደርና ከደሪጣ ተነስተው ጎጃምን አቋርጠው ወደ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግረው ወደ ጉድሩና እናርያ የሚወርዱት ሙስሊም ነጋዴዎች የሚሄዱት ሆቴል በሌለበት አገር ነበር። እንግዳ የሚቀበል ሰው ግን ነበር።

ለእንግዳ እህል ሰጥቶ ገንዘብ መቀበል በዚያ ዘመን ነውር ነበር። ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት አልለምድ ብሎ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ከፍለዋል እየተባለ ይተረካል። እንግዲህ ሆቴል ለአገራችን አዲስ ነገር ነበር ማለት ነው። እንግዳ ማስተናገድ ግን አዲስ አልነበረም።

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በቤተ ክህነት ትምህርቷ የታወቀች ከተማ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት። በዚያ ዘመን አኮፋዳ አንግተው በየደጁ ከሚቆሙት የቆሎ ተማሪዎች መካከል ማን ደራሲ፣ ማን ዲፕሎማት እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር? ቁራሽ የሰጠችው እናት ለወደፊት ደራሲ ብላ አልሰጠችም። ልጅ ርቦታል ብላ ሰጠች። አላህም የሚያየው ይህችን ነው።

በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በሞጣ የምንኖር ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ስለዚህ በራችን ላይ የሚቆመው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ነው። ይህ መስተንግዶአችንን አይቀንሰውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው እንግዳውን እንዲያከብር አዝዘዋል፤ የሚከበረው እንግዳ የየትኛው እምነት ተከታይ ይሁን ብለው አልለዩም። እሳቸው ራሳቸው ያላመኑ እንግዶችን በቤታቸው ተቀብለው አብልተዋል፣ አጠጥተዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዛሬ መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» አይልም። «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። ይህ ሐራም አይደለም፤ ማደሪያ ከፍቶ ማከራየት ሐላል ንግድ ነው። እንዲያውም በእስልምና ታሪክ ውስጥ የማደሪያ ቤት ትልቅ ቦታ አለው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ በሰመርቀንድ ለነበሩት ሹማቸው በጻፉት ደብዳቤ ለመንገደኞች ማደሪያ እንዲሠሩ አዘዋል። የሚያልፈው ሰው አንድ ቀንና ሌሊት ይስተናገድ፣ ከብቱም ይጠበቅለት፤ የታመመ ከሆነ ሁለት ቀንና ሌሊት ይቆይ፤ ስንቁ አልቆ የቀረ ከሆነ ደግሞ አገሩ የሚያደርሰው ይሰጠው የሚል ነበር ትእዛዙ። ይህ የመንግሥት ሥራ ነበር። ዛሬ ግን በትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ አደራ የወደቀው በእያንዳንዳችን፣ በተለይም አልጋ በምታከራዩት ወንድሞችና እህቶች ትከሻ ላይ ነው።

አላህ በሱረቱ ተውባ ዘካ የሚገባቸውን 8 ወገኖች ሲዘረዝር መንገደኛን አንዱ አድርጎታል። ዑለሞች ሲያብራሩ፣ በአገሩ ሀብታም የሆነ ሰው እንኳ በመንገድ ላይ ገንዘቡ ካለቀበትና ከሀብቱ ከተቆረጠ ለመድረሻ የሚበቃው ከዘካ ይሰጠዋል ይላሉ። መንገድ ሰውን ድሃ ያደርጋል ማለት ነው። ትናንት ቤቱ የሚያስተናግድ የነበረው ዛሬ መናኸሪያ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያመሻል።

በዚህ በኛ አካባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲበላሽ፣ መሽቶ መሄድ ሲያስፈራ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ባላሰበው ከተማ ያድራል። የታመመች እናቷን ይዛ ወደ ባሕር ዳር የምትሄድ አለች። ልጅ ያዘለች አለች። ሥራ ፍለጋ የወጣ፣ ኪሱ ውስጥ የመሳፈሪያ ብቻ የቀረው ጎረምሳ አለ። በዚያች ምሽት የአልጋ ዋጋ በእጥፍ የሚጨምር ሰው አለ። የሚከራከረው እንደሌለ ያውቃል፤ መንገደኛው የትም አይሄድማ።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ስታደርግ አንድ ሐዲስ አስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በቂያማ ቀን የማያናግራቸውን፣ በእዝነት የማይመለከታቸውን ሦስት ዓይነት ሰዎች ጠቅሰዋል። ከነሱ አንዱ በመንገድ ላይ ትርፍ ውሃ እያለው መንገደኛን የከለከለ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ ለራሱ የሚያስፈልገውን አይደለም የከለከለው፣ ትርፉን ነው። ባዶ አልጋ እያለህ ገንዘብ ያነሰውን ሰው ከበረንዳ ላይ ካባረርከው፣ ያ አልጋ ያንተ ትርፍ ውሃ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጁሙዐ ጀምሮ ልንይዛቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አልጋ የምታከራይ ከሆነ፣ ሰው በተቸገረበት ሌሊት ዋጋህን አትጨምር። በሰላሙ ቀን የምትጠይቀውን ጠይቅ። ከቻልክ አንዲት ክፍል፣ ካልቻልክ አንድ ፍራሽ፣ ከፍሎ ማደር ለማይችል መንገደኛ በአላህ ስም ለይ። ሲገባ ሲወጣ ሰው ፊት አትቁጠርበት።

ብቻዋን ለመጣች እህት በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ስጣት። ያለችበትን ለማንም አትንገር። በቤትህ ጣራ ሥር እስካለች ድረስ ክብሯ አደራህ ነው።

ለዉዱእ የሚሆን ውሃ በጆግ አስቀምጥ፣ ንጹሕ መስገጃ ይኑርህ፣ የቂብላውን አቅጣጫ ምልክት አድርግ። ለሚሰግድ መንገደኛ ከለስላሳ ትራስ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ በር የሚከፍተውን ዘበኛና በማለዳ አንሶላ የምታጥበውን እህት አትርሳ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዝዘዋል። እንግዳን እያከበሩ ሠራተኛን ማዋረድ መስተንግዶ አይባልም።

ማደሪያ የሌለህ ከሆንክ ቤት አለህ። ቤትህ ጠባብ ከሆነ ሻይ አለህ። በሱረቱል ሐሽር የተወደሱት የመዲና አንሷሮች ራሳቸው ተቸግረው ሳለ ሌላውን ያስቀደሙ ነበሩ። ከነሱ አንዱና ባለቤቱ ለልጆቻቸው ብቻ የሚበቃ ምግብ ነበራቸው። ልጆቹን አስተኙ፣ መብራቱን አጠፉ፣ በጨለማው እየበሉ መስለው እንግዳው ብቻውን እንዲጠግብ አደረጉ። አላህ በሥራቸው መደሰቱን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። መብራት ጠፍቶ የተበላች አንዲት እራት እስከ ዛሬ ታበራለች።

እንግዳ ለሆንነውም አደብ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመስተንግዶ ልኩ ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ እንደሆነ አስተምረዋል፤ እንግዳው አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ እንዳይቆይም ከልክለዋል። መክፈል እየቻሉ የለኝም ማለት፣ የሰው ዕቃ አበላሽቶ ዝም ብሎ መውጣት፣ ፎጣ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ የሙእሚን ጠባይ አይደለም። ከበላንበት ቤት ስንወጣ ዱዓእ እናድርግላቸው።

የእንግዳ ነገር ሲነሳ ደግሞ የመዲናውን ቤት ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሁሉም ወደኔ ይግቡ አለ። እሳቸው ግን የግመሏን መንገድ እንዲለቁላት ነገሯቸው፤ የታዘዘች ናትና። አረፉም በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ቤት። ያ ቤት እንደ ሆቴሎቹ የተሸለመ አልነበረም። አንድ ሌሊት ፎቅ ላይ የውሃ ገንቦ ተሰብሮ ፈሰሰ። አቡ አዩብና ባለቤታቸው ውሃው ወደ ታች ወርዶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ እንዳይንጠባጠብ ያላቸውን አንዲት መደረቢያ አንስተው አደረቁት። ሌላ የሚለብሱት አልነበራቸውም። ከፍጡራን ሁሉ የከበረው እንግዳ ያረፈው በዚህ ቤት ነው፤ የቤቱም ክብር ያቺ ብርድ የጠጣች መደረቢያ ናት።

ወገኖቼ፣ ታላላቅ ሆቴሎች ያልፋሉ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከፊሉ ተቃጥሎ ሁላችንም አይተናል። በመካ ከካዕባው አጠገብ 601 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ቆሟል፤ በውስጡ ውድ የሆነ ሆቴል አለ። እዚያ ያደረውም፣ ራቅ ባለ ሰፈር አምስት ሆነው አንድ ክፍል የተካፈሉትም ጧት ሲወጡ የሚለብሱት ኢሕራም አንድ ነው። ሁሉም የአር-ረሕማን እንግዶች ናቸው። እሱ የክፍላቸውን ቁጥር አይጠይቃቸውም።

እኛም በዚህች ዱንያ የመሸብን መንገደኞች ነን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዱንያ ውስጥ እንደ ባይተዋር ወይም እንደ መንገደኛ እንድንሆን መክረዋል። ነገ ሁላችንም ማንም አብሮን በማይገባባት ጠባብ ክፍል እናድራለን። ያን ጊዜ «ቤት ለእንግዳ» ብለን የምንቆመው በአላህ ደጅ ነው። ዛሬ በራችንን የከፈትን ሰዎች እንሁን፤ ነገ እንዲከፈትልን።

ያ አላህ! ቤቶቻችንን ለእንግዳ የሚከፈቱ አድርግልን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ወደ ቤታቸው አድርስልን። መንገዳችንን ሰላም፣ አገራችንን አማን አድርግልን። ስማቸው ሳይታወቅ በራችን ላይ ቆመው የመለስናቸው ካሉ ይቅር በለን። ያስተናገዱንን ወላጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን በመልካም መንዳልን። በጀነት ከተከበሩ እንግዶችህ አድርገን። ኣሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

በዚህ በተባረከ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት እናብዛ። ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩም ከዚያች ስሟ ካልተጠቀሰ ከተማ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ።

ጁሙዐ ሙባረክ!